«ተጠቀም» ለእሱ፣ «ተጠንቀቂ» ለእሷ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡት ደብዳቤዎች በዝተዋል። ፍሬሽ ተማሪዎች የሚገቡበት ሰሞን ስለሆነ ይመስለኛል፤ ክበባት ፖስተር ይለጥፋሉ፣ ሚኒ ሚዲያው ይጮሃል፣ ስልጠና ይበዛል። ጥያቄዎቹም ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ ስለ ወሲብና ስለ ጤና ይሄ ሁሉ እየተነገረን ለምን አይገባንም? ስማችሁን እንደጠየቃችሁት አላወጣሁም። ረጅም የጻፋችሁትን ደግሞ ይቅርታ፣ አሳጥሬዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ድሬዳዋ የአራተኛ ዓመት ተማሪና የግቢያችን ፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነኝ። ለአዲስ ገቢዎች ፖስተር አዘጋጁ ተብለናል። የተሰጠን ጽሑፍ «ወጣትነት የአበባ ዕድሜ ነው፤ ከልቅ ወሲብ በመቆጠብ የነገ ተስፋችንን እናለምልም» ይላል። አምናም እንዲህ ዓይነት ነገር ለጥፈን ነበር። ቆሞ ያነበበው ጥቂት ነው፣ ያነበበውም ሳቀ። ምን ብንጽፍ ይሻላል?

መልስ፦ አቦ፣ የሳቁት ምን ያድርጉ?

«ልቅ ወሲብ» የሚለውን እንይ። «የኔ ወሲብ ልቅ ነው» ብሎ የሚያስብ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ልቅ ሁልጊዜ የሌላው ነው። ፖስተሩ አጠገብ የሚያልፈው ልጅ ከአንዲት ልጅ ጋር ዓመት ቆይቷል፣ ይወዳታል፣ «ተማምነናል» ብለው ኮንዶም ትተዋል፣ አንዳቸውም ግን ተመርምረው አያውቁም። ፖስተሩ በዋናነት ሊደርስ የሚገባው ለእሱ ነበር። እሱ ግን ስለ እሱ የተጻፈ አይመስለውም፤ ስለዚህ ወደ ካፌ ሰልፉ ያልፋል።

«የአበባ ዕድሜ»፣ «የነገ ተስፋ» የሚለው ደግሞ የሰልፍና የስብሰባ ቋንቋ ነው። ተማሪው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል፤ ጆሮው ላይ አይቆይም። ፍሬሽ ተማሪ ዓርብ ማታ የሚፈልገው መረጃ ሌላ ነው። ኮንዶም የት ይገኛል? ክሊኒኩ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው? ኮንዶሙ ቢቀደድስ? ብሄድ ለቤተሰቤ ይነገራል? እነዚህን የሚመልስ ፖስተር ግጥም ባይኖረውም ይነበባል።

ይሄ ቋንቋ ከየት እንደመጣ ማወቁ አይከፋም። ኤች አይ ቪ አገራችን ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ በ1984 ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታዩት ደግሞ በ1986። ያኔ መድኃኒት የለም። የሚነገረው ሁሉ ሞት ነበር፤ አጽም፣ መቃብር፣ «ገዳዩ በሽታ»። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። መድኃኒቱ ከመጣ ይሄን ያህል ዘመን ሆኖት ቋንቋችን አሁንም እዚያው አጽሙ ጋ ቀርቷል። ሰውን ማስፈራራት ብቻውን እንደማይሠራ የጤና መልእክት ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው የሚሉት ነገር ነው፤ አስፈራርተኸው መውጫውን ካላሳየኸው ሰውዬው አደጋውን ሳይሆን መልእክትህን ይሸሻል። «ኤድስ የለም» እያለ ይቀልዳል፣ ወይ «እኔን አያገኘኝም» ይላል።

በነገራችን ላይ ሳቅ ሁሉ መጥፎ አይደለም። በ2000 ዓ.ም አካባቢ የቡና ቃና ያለው ኮንዶም ገበያ ላይ ሲወጣ ብዙ ሰው ሳቀ። እየሳቀ ግን ስለ ኮንዶም አወራ። በእናንተ ፖስተር የሚሳቀው ግን ጽሑፉ የሰው ልጅ የተናገረው ስለማይመስል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ ግሡ። አማርኛ ትእዛዝ ሲሰጥ ጾታ ሳይመርጥ አያልፍም። «ተጠቀም» ካልክ ለወንድ ነው፣ «ተጠቀሚ» ካልክ ለሴት። እስቲ የግቢህን ግድግዳዎች ዞረህ አንብብ። ኮንዶም ላይ ስትደርስ «ተጠቀም» ነው። እርግዝና ላይ ስትደርስ «ተጠንቀቂ»፣ «ራስሽን ጠብቂ»፣ «እምቢ በይ»። ማንም ተንኮል አስቦ አልጻፈውም፤ እጁ እንደለመደው ነው የጻፈው። ውጤቱ ግን ይኸው፦ ኮንዶም የወንድ ጉዳይ ሆነ፣ ቦርሳዋ ውስጥ የተገኘባት ልጅ «የለመደች» ትባላለች። እርግዝና ደግሞ የሴት ጉዳይ ሆነ፣ እሱ ማርገዟን ሲሰማ «ለምን አልተጠነቀቅሽም?» ይላታል። ልጁ ይህን ከየት አመጣው? ግድግዳው ላይ አንብቦ ነዋ!

«እናንተ» ብለን ብንጽፍ አይፈታውም ወይ ትለኝ ይሆናል። በከፊል ይፈታዋል። ግን «ተጠቀሙ፣ ተቆጠቡ» ሲበዛ ወዲያው «ወጣቶች ሆይ» የሚል ድምፅ ይይዛል፣ ሁሉም ሰው ለሌላው የተነገረ ይመስለዋል። እኔ ብትጠይቀኝ ግሡን አገላብጡት ነው የምለው። ወንዶች ዶርም መግቢያ ላይ «ሳታስበው አባት እንዳትሆን ተጠንቀቅ» ብላችሁ ለጥፉ። ሴቶች ዶርም ላይ «ኮንዶም ያዢ፤ እሱ ይይዛል ብለሽ አትጠብቂ»። «እምቢ በይ» ከሚለው አጠገብ «እምቢ ካለችህ ተወው» የሚል ይኑር። ሌላውን ሁሉ ጥላችሁ ይህን ብቻ ብታደርጉ እንኳ ግቢው ውስጥ ወሬ ይነሳል፤ ፖስተር ወሬ ካስነሳ ደግሞ ሥራውን ሠርቷል።

ጽሑፍ ካላችሁ አይቀር ይቺን ሞክሩ፦

«ኮንዶሙ ተቀደደ? ወይስ ሳትጠቀሙ ቀራችሁ? ገና ጊዜ አለህ፣ ግን አትዘግይ። ዓርብ ማታ ከሆነ እስከ ሰኞ ማታ ነው። እርግዝና የሚከላከለው እንክብል ፋርማሲ አለ። ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚከላከለው መድኃኒት ሆስፒታል አለ። በቶሎ በሄዳችሁ ቁጥር ይሻላል። ብቻዋን አትላካት፣ አብረሃት ሂድ።»

«72 ሰዓት» ከማለት «ዓርብ ማታ ከሆነ እስከ ሰኞ ማታ» የሚለውን የመረጥኩት የተደናገጠ ሰው ሰዓት መደመር ስለማይሆንለት ነው። ከሥሩ የክሊኒኩን ክፍል ቁጥርና የሥራ ሰዓት ጻፉ፤ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ሄዳችሁም አረጋግጣችሁ። ኮንዶም በነፃ የሚሰጥ ከሆነ «በነፃ» በሉ። የበሽታ ስም ከመደርደር ምልክቱን ጻፉ። «የአባላዘር በሽታ» ሲባል ተማሪው ቂጥኝና ጨብጥን ያስባል፣ እነሱን ደግሞ ስድብ አድርጎ ነው የሚያውቃቸው። «ስትሸና ያቃጥልሃል? ያልተለመደ ፈሳሽ አየሽ? ቁስል አለ?» ይሻላል። «ምንም ምልክት ሳይኖርም ሊኖር ይችላል» የሚለውን አትርሱ፤ ክላሚዲያ የሚባለው በተለይ ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚቀመጥ።

ከመለጠፋችሁ በፊት ደግሞ ካፌ ሰልፍ ላይ ያሉ ጥቂት ፍሬሾችን አስነብቧቸውና «ምን አድርጉ ነው የሚለው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ወዴት እንደምሄድ ይናገራል» ካሉ ለጥፉት። «ጥሩ ምክር ነው» ካሉ ግን ቀዳችሁ ጣሉትና እንደገና ጻፉ።

ጥያቄ፦ እኔ ሐረር ነው የምማረው። ከፍቅረኛዬ ጋር ያለ መከላከያ ግንኙነት አድርገን በማግስቱ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። በሩ ላይ «የቤተሰብ እቅድ አገልግሎት» ይላል። ውስጥ ልጅ የታቀፉ እናቶች ተቀምጠዋል። ካርድ የምታወጣዋ ጮክ ብላ «ባለትዳር ነሽ?» አለችኝ። ዝም ብዬ ወጣሁ። ፋርማሲ ገባሁ፤ ሻጩ በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ነው፣ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ፓናዶል ገዝቼ ተመለስኩ። ማታ ላይ ጓደኛዬ ገዝታ አመጣችልኝ። ምን ብዬ ነበር መጠየቅ የነበረብኝ? ደግሞስ ያን እንክብል መዋጥ ማስወረድ ነው? እንቅልፍ ነሳኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ እንቅልፍሽን ልመልስልሽ። ማስወረድ አይደለም። እንክብሉ በዋናነት የሚሠራው እንቁላል ከማህፀን አጠገብ ካለው ከረጢቷ የምትወጣበትን ጊዜ በማዘግየት ነው። እርግዝና ቀድሞ ከተፈጠረ አያቋርጠውም፣ ጽንሱንም አይጎዳውም። ከዋጥሽ በኋላ ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ ካስመለሰሽ ድገሚ። የወር አበባሽ ከተለመደው ቀን ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የጊዜ ገደብ 72 ሰዓት ነው፤ ከዚያ አልፎ እስከ አምስተኛው ቀንም የተወሰነ ሊረዳ ይችላል፣ ግን እያደር አቅሙ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ቀን ይሻላል።

ፋርማሲ ስትገቢ «ፖስት ፒል አለ?» በይ። በቃ። ያለ ሐኪም ማዘዣ ነው የሚሸጠው፤ ስምሽን፣ ትዳርሽን፣ ለማን እንደሆነ መናገር አይጠበቅብሽም። አፍሽ እምቢ ካለ ስልክሽ ላይ ጽፈሽ አሳዪው። ሐረር ፈረስ መጋላ አካባቢ ሰው ሁሉ የሚያውቅሽ ከመሰለሽ ደግሞ ባጃጅ ይዘሽ ከሰፈርሽ ራቅ ያለ ፋርማሲ ሂጂ። ይህን ማድረግ ፍርሃት አይደለም፣ ብልሃት ነው።

አሁን ስለዚያ በር። «የቤተሰብ እቅድ» የሚለው ስም ለማን እንደተጻፈ ግልጽ ነው፤ አራት ልጅ ወልዳ አምስተኛውን ላራዘመች እናት። የሃያ ዓመት ተማሪ «ቤተሰብ» የሚለውን ስታነብ ትዝ የሚላት አባቷ ነው! እንዲያውቅባት የማትፈልገው ዋናው ሰው በሩ ላይ ተጽፎ ቆሟል። አገልግሎቱ ለእሷም ነው፣ ሕጉም አይከለክላትም፣ ባለሙያዋም ብትገባ ትሰጣታለች። ጽሑፉ ግን ከበሩ መለሳት። «የእርግዝና መከላከያ እዚህ ይሰጣል፤ ላገባም ላላገባም» ተብሎ ቢጻፍ የቀለሙ ዋጋ ያው ነው።

ካርድ ክፍል የምትሠሩ ይህን የምታነቡ ካላችሁም አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ቅጹ ላይ የትዳር ሁኔታ የሚል ሳጥን እንዳለ አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ «ምን ልርዳሽ የኔ እህት?» በሉ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ። ሳጥኑ ይደርሳል።

አንቺ ደግሞ ፖስት ፒልን የዘወትር መከላከያ አታድርጊው። የሦስት ወር መርፌ አለ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕ አለ፣ ክንድ ላይ የሚገባ አለ፤ እንደ ዓይነቱ ለ3 ወይም ለ5 ዓመት የሚያገለግል። ይሄኛውን ብዙ ቦታ «በክንድ የሚቀበር» ይሉታል። እኔ ይሄን ቃል አልወደውም፤ ክንዷ ላይ ቀብር ያወጁባት የሚመስላት ልጅ ብትኖር አልፈርድባትም። ከቆዳ ሥር የምትገባ ትንሽ ለስላሳ ዘንግ ናት፣ ስትፈልጊ ትወጣለች። መካን አያደርግም። መርፌው ብቻ ካቆምሽው በኋላ ለማርገዝ ጥቂት ወራት ሊያዘገይ ይችላል። አንዳቸውም ከኤች አይ ቪ አይከላከሉም፣ ስለዚህ ኮንዶሙ አይቀርም።

ብዙዎቻችሁ «ረፍዶ ቢሆንስ?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁ ይህን እዚሁ ልጨምር። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን በተወሰኑ ሁኔታዎች ይፈቅዳል፤ እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል ከተፈጠረ፣ የእናቲቱን ወይም የጽንሱን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ ከጣለ፣ ጽንሱ ሊድን የማይችል ከባድ ጉድለት ካለው፣ እናቲቱ በዕድሜዋ ማነስ ወይም በአካልና በአእምሮ ሁኔታዋ ልጅ ለማሳደግ ካልቻለች። በመደፈር ከሆነ የሴቷ ቃል በቂ ነው፤ የፖሊስ ወረቀት ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ አትባልም። ጓዳ ውስጥ በሚሠራ ሰው እጅ ከመውደቅሽ በፊት ጤና ተቋም ሄደሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ኮንዶም ተቀዶበት ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመረመረ። «ነፃ ነህ» አሉት። ደስ ብሎት ሁላችንንም ጋበዘን። እኔ ግን «የመስኮት ጊዜ» የሚል ነገር አንብቤያለሁ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም፣ እንዳልነግረው ግብዣውን ማበላሸት መሰለኝ።

መልስ፦ ንገረው፤ ግብዣው አልፏል።

ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምርመራው ሊያየው የማይችልበት ጊዜ አለ። ይሄን ነው ቃል በቃል ተርጉመው «የመስኮት ጊዜ» ያሉት፤ ማን ይረዳዋል? የተለመደው የደም ምርመራ ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት በቫይረሱ ላይ የሚያመርተውን ነገር ነው የሚፈልገው፣ ያ እስኪመረት ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ሁለት ሳምንት ገና ነው። ጓደኛህ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሲሞላው ይድገም፣ እስከዚያ ኮንዶም አይተው። በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ቢሄድ ኖሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ሊሰጠው ይችል ነበር፤ ለወደፊቱ እወቁት። የኤች አይ ቪ ሕክምና የሚሰጥበት ሆስፒታል ሄዶ መጠየቅ ነው፤ ድሬዳዋ ከሆናችሁ ድል ጮራ፣ ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና።

«ነፃ ነህ» የሚለውን አንዳንድ ባለሙያዎች ለማጽናናት ነው የሚሉት። ግን እስቲ አስበው፣ አንዱ ነፃ ከሆነ ሌላው ምንድን ነው፣ እስረኛ? ተማሪው ጋ ሲደርስ ደግሞ «ንፁህ» ይሆናል፣ «ንፁህ ነኝ፣ ኮንዶም አያስፈልግም» ይላል። በዚህ ምክንያት ውጤቱን የሚፈራ ሰው ጭራሽ መመርመሩን ይተዋል። «በዛሬው ምርመራ ቫይረሱ አልተገኘም፤ በዚህ ቀን ተመለስ» ቢሉት ትንሽ ይረዝማል እንጂ እውነቱ ይሄ ነው።

ግቢዎች ውስጥ ተለጥፎ አይቼው የማላውቀው ሌላ እውነትም አለ። ቫይረሱ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ በደሙ ያለው መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ከደረሰ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይሄ በዓለም ላይ በትላልቅ ጥናቶች የተረጋገጠ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ መድኃኒቱን በድብቅ የሚውጡ ልጆች አሉ፤ ከተወለዱ ጀምሮ የሚወስዱም ይኖራሉ። «ገዳዩ በሽታ» የሚለውን ፖስተር እነሱም በየቀኑ ያነቡታል።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ ድሬዳዋ ከዚራ እኖራለሁ። ዓምዳችሁን አነባለሁ። ይህን ሁሉ በአደባባይ ማውራት ባህላችን አይደለም። ልጆቹን ማባለግ እንዳይሆን።

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ስጋትዎ የብዙ ወላጅ ስጋት ነው፣ አልንቀውም።

ግን ባህላችን እንደሚባለው ዝምተኛ ነው? መድረሳ የቀራ ልጅ ስለ ሐይድ (የወር አበባ)፣ ስለ ጀናባ ትጥበት (ከግንኙነት በኋላ ስለሚደረገው) በስማቸው ተምሯል፤ ኡስታዙ አላፈሩም። ቤተ ክርስቲያንም ለሚጋቡ ሰዎች ስለ ሩካቤ ሥጋ የምታስተምረው አላት። ሁለቱም ቦታ ነገሩ ስም አለው፣ ቦታ አለው፣ አስተማሪ አለው። ስም ያጣው ቤት ውስጥና ግቢ ውስጥ ነው፤ እዚያ «እንትን» ይባላል፣ ወይ ጭራሽ አይባልም። ማባለጉን በተመለከተ ደግሞ ዩኔስኮ ብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ ባወጣው መመሪያ መሠረት ስለ ወሲብና ጤና በአግባቡ የተማሩ ወጣቶች ቀድመው አይጀምሩም። ልጆችዎን ከኔ ይልቅ እርስዎ ቢያወሯቸው ደስ ይለኛል። ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሸኟቸው «አደራ» ብለው ብቻ አይለዩዋቸው፤ «ችግር ቢገጥምህ መጀመሪያ ለኔ ደውል፣ አልቆጣም» ይበሏቸው፣ ሲደወልልዎም አይቆጡ።

ጥያቄ፦ አፍ መፍቻዬ ሶማልኛ ነው። ድሬዳዋ ነው የምማረው። አማርኛ እችላለሁ፣ ግን የገበያና የባጃጅ አማርኛ ነው። ስልጠናው በአማርኛ ነበር፣ የተሰጠን ወረቀት በእንግሊዝኛ። «ሥነ ተዋልዶ»፣ «ተጋላጭነት»፣ «ጾታዊ ጥቃት» ሲሉ ጎኔ ያለችውን አማርኛ ተናጋሪ ጠየቅኳት። እሷም በደንብ አታውቀውም። በየቋንቋው ቢተረጎም አይሻልም?

መልስ፦ ይሻላል፤ ግን ጎንሽ ያለችው ልጅ የነገረችሽን ልብ በይ። አማርኛው ራሱ መተርጎም አለበት። «ተጋላጭነት» ስብሰባ ላይ የተወለደ ቃል ነው፤ እናቱም አባቱም ቢሮ ናቸው። እንዲህ ያለ አማርኛ ቃል በቃል ወደ ሶማልኛና ወደ አፋን ኦሮሞ ሲገለበጥ የሚወጣው በሦስት ቋንቋ የማይገባ ወረቀት ነው።

ድሬዳዋ አንድ ባጃጅ ውስጥ ሦስት ቋንቋ ይወራል፣ ሐረር ከሆነ ሐረሪው ይጨመራል፣ ግቢ ስትገቢ ደግሞ ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከትግራይ የተመደበው አለ። በጽሑፍ ሁሉንም ማዳረስ ከባድ ነው። ሌላም ችግር አለ፤ ሶማልኛ እ.ኤ.አ ከ1972 ጀምሮ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፣ አፋን ኦሮሞም በቁቤ። ትርጉሙን የሚያጸድቀው የቢሮ ሰው አማርኛ ብቻ የሚያነብ ከሆነ የተለጠፈውን ነገር አያውቀውም።

ስለዚህ ክበባችሁን እንዲህ ጠይቂ። ወረቀቱን ትታችሁ በድምፅ ቅዱት፣ ለሴቶቹ ሴት፣ ለወንዶቹ ወንድ ይናገር፣ ከስልክ ስልክ ይተላለፍ። ተርጓሚዋን «ይህን ተርጉሚ» አትበሏት። ነገሩን አስረድታችሁ «አሁን ዶርም ገብተሽ ለጓደኛሽ ብትነግሪያት እንዴት ትያለሽ?» በሏትና ያንን ቅዱ። «ሴክስ» ወይም «ፔሬድ» ብትል ተዉአት። ብዙ ተማሪ እነዚህን ነገሮች በባዕድ ቃል ሲላቸው ነው አፉ የሚፈታ፤ በእናት ቋንቋ የእናት ቁጣ አብሮ ይሰማል።

አንድ የሚገርም ነገር ልንገርሽ። ለአንድ ሰው የሚነገር ትእዛዝ በሶማልኛም በአፋን ኦሮሞም ወንድና ሴት አይለይም። በላይኛው መልሴ የተማረርኩበት «ተጠቀም፣ ተጠንቀቂ» የሚለው ጣጣ እናንተ ጋ የለም። ከአማርኛ ስትተረጉሙ ጣጣውን አብራችሁ እንዳታስገቡት!

ለራስሽ ጉዳይ ክሊኒክ ስትሄጂ ደግሞ የክፍል ጓደኛሽን አስተርጓሚ አድርገሽ አትውሰጂ፣ የምትፈልጊውን ሁሉ አትነግሪያትም። «ሶማልኛ የምትችል ሲስተር አለች?» ብለሽ ጠይቂ። ድሬዳዋ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ነገሩ የሚበላሸው በጫት ነው። ቀን በርጫ፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ። ከጨብሲ በኋላ ምክር ማን ይሰማል? «ሱስ ይገድላል» የሚለው ፖስተር ሥር ተቀምጠን ነው የምንቅመው።

መልስ፦ አይገርመኝም። «ሱስ» ስትባል አንተ ራስህን ሱሰኛ ነኝ አትልም፤ «ለጥናት ነው» ትላለህ። ያው የ«ልቅ ወሲብ» ነገር ነው።

ምክሩ ሰዓት ይፈልጋል። ከጨብሲ በኋላ ካልተሰማ ከጨብሲ በፊት ይነገር። ምርቃና ላይ ሰው ብዙ ያቅዳል አይደል? ገና አእምሮህ ሥራ ላይ እያለ ኮንዶሙን ኪስህ አስገባ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚመለስ ተነጋገሩ። ክበቡም ፖስተሩን ከቤተ መጻሕፍት አንሥቶ ከሰዓት በኋላ እናንተ የምትቀመጡበት ቢወስደው፣ «አትቃሙ» ሳይሆን «ማታ ልትጠጡ ከሆነ አሁን ያዙ» ቢል ያነባችሁ ይመስለኛል።

ሌላው በግልጽ መባል ያለበት ነው። «የሴት እምቢታ እሺታ ነው» የሚሉት አባባል እናንተም መካከል በቀልድ ይባላል። ፍርድ ቤት ፊት ቀልድ አይደለም፤ አስገድዶ መድፈር በወንጀል ሕጋችን ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል፣ እንደ ሁኔታው ከዚያም በላይ። የሰከረች ልጅ ዝም አለች ማለት እሺ አለች ማለት አይደለም። መቆም ካቃታት፣ ንግግሯ ከተምታታ፣ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ዶርሟ ትግባ። ከወደድካት ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ጠይቃት፤ ያኔ የምትሰጥህን መልስ አንተም እሷም ታስታውሱታላችሁ።